የግመሏ እርምጃ፦ የጀውሃ ማስታወሻ

ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና መውረድ የጀመረ መንገደኛ ጋቢውን ማጣጠፍ ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስቶ፣ አርማንያን አልፎ ሸዋሮቢት ሲደርስ ሙቀቱ የቆላ ነው። ጀውሃ ከሸዋሮቢት ወደ ሰንበቴ በሚወስደው የደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። በግራ የይፋት ተራሮች ቆመዋል፤ በቀኝ ሜዳው ወደ አፋር ይዘረጋል።

የመጣሁት ለመሳል ነው። ለልጆች በምንሠራት አጭር የካርቱን ፊልም ውስጥ ግመል፣ አህያ፣ ፍየልና ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ አሉ። እነዚህን አዲስ አበባ ተቀምጦ ማንቀሳቀስ ይቻላል። የአኒሜሽን ፕሮግራሞች አስቀድሞ የተሠራ እርምጃ ይዘው ይመጣሉ፤ የሳሉትን ሰው ማስገባትና መጫን ብቻ ነው። ያ እርምጃ ግን እጁን እያወዛወዘ በለሰለሰ መንገድ የሚሄድ የሌላ አገር ሰው እርምጃ ነው። ጀሪካን ያዘለች የጀውሃ ሴት እንደዚያ አትራመድም። ከወገቧ ጎንበስ ትላለች፣ እርምጃዋ ያጥራል፣ አንገቷ አይነቃነቅም። በብዙ ካርቱኖቻችን የምቆጨው በዚህ ነው፤ ልብሱ የእኛ፣ ቋንቋው የእኛ፣ አካሄዱ የሌላ።

ጠዋት፣ ከአስፋልቱ ዳር

የማሽላ አገዳ የጫኑ ግመሎች መጡ። እየመሩ የሚሄዱትን ሽማግሌ «አባባ፣ ትንሽ ቀስ ያደርጉልኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ግመል ቀስ በይ ስትባል ትቆማለች እንጂ ቀስ አትልም። ይልቅ አንተ አብረህ ሂድ፣ ልጄ።»

አብሬ ሄድኩ። ፊቷንም ጭነቷንም ትቼ እግሮቿን ብቻ እስል ጀመር። ወረቀቱ ትንሽ፣ እርሳሱ ወፍራም፣ ላጲስ የለም፤ ለአንድ እግር አንድ መስመር። ግመል የአንዱን ጎን ሁለት እግሮች አከታትላ ነው የምታነሳው፤ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ከዚያ ወደ ግራ። ስለዚህ ሰውነቷ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ አገዳውም ትንሽ ዘግይቶ ይከተላታል። የፈረስ እርምጃ ወስዶ የግመል ቆዳ ያለበሰ ሰዓሊ ይህችን መዘግየት ሊያገኛት አይችልም። በኋላ በስልኬ በሴኮንድ 240 ፍሬም ቀርጬ ከንድፉ ጋር አስተያየሁት። ስልኩ እግሩ መሬት የነካበትን ቅጽበት በትክክል ያሳያል፤ የጭነቱን ክብደት ያገኘሁት ግን ከእርሳሱ ነው።

ግመሎቹ ሲያልፉ ሦስቱ የመንገድ ባለቤቶች ቀሩ፦ መሀል አስፋልት የቆመች አህያ፣ ሚኒባስ የሚያባርር ውሻና ወደ ቦዩ የሸሹ ፍየሎች። ተረቱን የማያውቅ የለም። ሦስቱ ታክሲ ተሳፈሩ፤ አህያ ሂሳቧን ከፈለች፣ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ቀረ፣ ፍየል ሳትከፍል ወርዳ ሮጠች። ኒው ዮርክ የሚኖረው የአዲስ አበባው ልጅ ዕዝራ ውቤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ይህንን ተረት «ሂሳብ» ብሎ አኒሜሽን አደረገው። የሠራበት መንገድ ያስደንቀኛል። በአንድ ሸራ ላይ ይቀባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በዚያው ላይ ጥቂት ለውጦ ይቀባል፣ እንደገና ያነሳል። ፊልሙ ሲያልቅ እጅ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀደሙት ሁሉ ከሥሩ ተቀብረዋል። ብሩሽ፣ ካሜራና ኮምፒውተር እንዲህ ተስማምተው የሠሩበትን ሌላ የአገር ልጅ ሥራ እኔ አላየሁም።

ቀትር

ሻይ ቤት ጥላ ሥር። ሙቀቱ ስልኩንም አድክሞታል፤ እስኪበርድ ማቆየት ግድ ነው። ከአጠገቤ የተቀመጠ መምህር ሥራዬን ሲሰማ መጀመሪያ ያነሳልኝ የልጆች ፕሮግራሟን ቀጭኔ ፀሐይን ነው። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የፈጠረቻት ይህች ቀጭኔ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስትጀምር ከጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች፤ ያም ሆኖ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘች። መምህሩ «እኛ ግን ኮምፒውተር የለንም» አለኝ። ብሌንደር በተባለው በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም የተሠራው የላትቪያው ፊልም «ፍሎው» በ2025 ኦስካር መውሰዱን ነገርኩት፤ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ደብተሩን ተቀብዬ ጥጉ ላይ፣ ከገጽ ገጽ እያንቀሳቀስኩ አንዲት ወፍ ሳልኩ። በአውራ ጣቱ ገጾቹን ሲለቃቸው በረረች። ደጋግሞ አበረራት፤ ከዚያ ለክፍሉ ልጆች እንዴት እንደሚያስተምር ይጠይቀኝ ጀመር።

ከሰዓት፣ ማሽላው ማሳ

የማሽላው ራስ ቀልቷል፤ ግሪሳ የሚፈራበት ጊዜ ነው። ልጁ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ ቆሟል። ልኩን ለማግኘት ደጋግሞ እንዲወነጭፍ ለመንኩት፤ እሱም ሥራው ስለሆነ አላስቸገረኝም። በሴኮንድ 12 ሥዕል ስለምንሠራ፣ አንዱ ዙር ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅ 6 ሥዕል ነው። ማማው ሥር ተቀምጬ ቁልፍ የሆኑትን አቋሞች በወረቀት ሳልኩ፣ በስልክ ፎቶ እያነሳሁ ወደ ታብሌቱ አስገባሁ፣ መሀሎቹን እዚያው ሞላሁ። የቀደመው ሥዕል ከሥር ደብዝዞ ስለሚታይ፣ ድሮ ከታች መብራት ባለው መስታወት ላይ ወረቀት ደርቦ የሚሠራው ሥራ አሁን ጉልበት ላይ ይሠራል።

ልጁ ወርዶ አየውና ወዲያው «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ድንጋዩ እግሬ ሥር ነው የሚወድቀው» አለኝ።

«ለምን?»

«እጄ ቀድሞ ይቆማላ! ገመዱ ነው የሚሄደው።»

አሳየኝ። ክንዱ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ወንጭፉ አልፎት ይሄዳል፣ አንደኛው ጫፍ ከጣቱ ያመልጣል፣ ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ገመዱ ይጮኻል። እኔ እጁንም ገመዱንም እኩል አቁሜ ነበር የሳልኩት። ለቆመው ክንድ ሁለት ሥዕል ጨመርኩ፤ እንደገና ሲያየው «አሁን ግሪሳው ይነሳል» ብሎ ወደ ማማው ወጣ።

ማታ ለባልደረባዬ ፍሬሞቹን ስልክላት ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቀለሙን እንደወደድሽ አድርጊው፣ መሀል ላይ ያለችውን መቆም ግን ፕሮግራሙ እንዳያለሰልሳት ጠብቂልኝ፤ ባለቤቱ አይቶ ያጸደቃት ናት። ነገ እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ዋጋ ሲከራከሩ እጃቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ መሳል አለብኝ።