የቀለም ዋጋ

ቀን ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ የራሴን ስንኞች። በ12 ዓመት ውስጥ ከጻፍኳቸው ግጥሞች ለኅትመት ይበቃሉ ያልኳቸውን ለይቼ፣ ለማተሚያ ቤት የሚከፈል 120,000 ብር አጠራቅሜ ነበር። ያ ገንዘብ ጋራዥ ገባ። እንዴት እንደገባ ላውጋችሁ።

አባቴ ያወረሰን ነገር ቢኖር አንዲት ላዳ ናት። አካሏን ከጣልያኑ ፊያት 124 የወሰደች፣ ቆርቆሮዋ ግን ከእናቷ የወፈረ፣ በሸገር ጎዳና ሰማያዊና ነጭ ለብሳ የስንቱን ቤት ጉሮሮ የደፈነች ላዳ! እርሱ ካረፈ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። የታክሲነት ዘመኗ አብቅቷልና፣ የቤት መኪና ላደርጋት፣ ጥቁር አረንጓዴ ሜታሊክ ላስቀባት ተመኘሁ።

ቀለም ቀቢው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ ፓራፋንጎውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «95,000» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለቀለም?»

«ቀለሙማ ትንሹ ነው፤ የምትከፍለው ለእጅ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ዝገቱ ይፋቃል፤ የጎደጎደው በስቱኮ ይሞላል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ደግሞ ማሸት፣ ውኃ እያርከፈከፉ እንደገና ማሸት… ቀለሙ የሚነፋው ከዚህ ሁሉ ቀን በኋላ ነው። ሜታሊክ ሲሆን በውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ ስላለ፣ የነፊው እጅ ትንሽ ከተዛነፈ ኮፈኑ ላይ ደመና ይሠራል። ቀለሙ ራሱም የውጭ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን፣ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ ከእርሳቸው ቀድሜ አይቻለሁ። ተከራክሬ አልረታሁም፤ ከፈልኩ።

በሦስተኛው ቀን ደውለው አስጠሩኝ። ስፖርቴሎው ላይ በወረቀቱ የታሸው ቦታ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ ክብ ሠርቷል። ከላይ ሰማያዊ፤ ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነ ክሬም፤ ከሥሩ እንደገና ሰማያዊ።

«ይቺ ክሬም ብዙም አልቆየች» አሉኝ፣ «ገና ሳታረጅ ነው በላይዋ የተቀባባት።»

መቼ እንደሆነ አውቄው ነበር። በ2003 ዓ.ም. ልመረቅ ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ ታክሲዋን ይዞ እንዳይመጣ አባቴን ለምኜው ነበር። ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሁለታችንም እናውቀው ነበር። በምረቃዬ ዕለት ክራቫት አስሮ፣ ክሬም ላዳ እያሽከረከረ መጣ። ከወዳጁ የተዋሳት መሰለኝ። ደስ አለኝ (ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል)፤ ሰሌዳዋን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። ወዲያው ክፍለ ሀገር ተመድቤ ሄድኩ፤ ለበዓል ስመለስ የእኛዋ ታክሲ እንደ ወትሮዋ ሰማያዊና ነጭ ሆና በር ላይ ቆማለች።

ለካ ሁለት ጊዜ ከፍሏል! ክሬም ሆና ሰው መጫን አትችልም፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ብሎ ላስቀባት፣ ለእንጀራው ብሎ መልሶ ላስቀባት። መሀል ላይ ሥራ የፈታባቸውን ቀናት ማን ይቁጠራቸው?

አረንጓዴውን ተውኩት። ቀለም ቀቢው የክሬሟን ጠርዝ እያዩ በዓይናቸው በጥብጠው እንዲያመሳስሉልኝ ለመንኳቸው። ሰማያዊውን እስከ ቆርቆሮው ይግፈፉት ወይስ ከላዩ ይቅቡ እንደሆነ ጠየቁኝ። መግፈፉ ሌላ 20,000 ብር ይጨምራል፤ ከላዩ መቀባቱ አይጨምርም። እንዳይነኩት ነገርኳቸው። ይህን ያልኩት ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም።

ማታ እናቴ ስንት እንዳስከፈሉኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። እኔም በተራዬ ያኔ አባባ ስንት ከፍሎ እንደነበር ጠየቅኋት።

«እኔን ይነግረኛል ብለህ ነው?» አለችኝ። «ያን ሰሞን ሞተሯ ታማ ጋራዥ ገብታለች ነበር ያለኝ።»