እንጨቱ ውሃውን እስኪመልስ፦ ከአውሮራ እስከ ሚዙሪ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ልጄ በገዛ እጁ የሠራው ደጋን ለሁለት ተሰበረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሱም ይህን ያውቃል። ከሚዙሪ ወደ ቤታችን ወደ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ስንመለስ ካንሳስን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቃል ሳያናግረኝ አቋረጥን። ካንሳስ ደግሞ በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስድስት ሰዓት ዝም ሲል ምን እንደሚመስል እናቶች ታውቁታላችሁ።

«ደጋን» የሚለውን ቃል ሰምታችሁት የማታውቁ ልጆች ትኖሩ ይሆናል። ጎበጥ ብሎ በጅማት የሚወጠረው እንጨት ደጋን ነው፤ ከእሱ የሚስፈነጠረው ደግሞ ፍላጻ። «ቀስት» የሚለውን ቃል ሰው ለሁለቱም ይጠቀምበታል። ቀስተ ደመና ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ጥጥ የምትነድፍበት መሣሪያም ደጋን ይባላል፤ እሱም በጅማት የተወጠረ እንጨት ነው፤ ጅማቱ ሲመታ ጥጡ እየተፍታታ ይነሳል። ይህን ስነግረው ልጄ፣ «ታዲያ አያቴም ቀስተኛ ነበረች ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

ዘንድሮ እንደገና ሄድን። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ከቤታችን አጠገብ ሰባ ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትነዳላችሁ። መጀመሪያ ቢጫ ሜዳ ነው፤ ከዚያ የስንዴ ማሳ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ዛፍ። እኔ ግን የለውጡ ምልክት አድርጌ የምይዘው ከንፈሬን ነው። አውሮራ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የታጠበ ልብስ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ካንሳስ ሲቲን አልፈን ነዳጅ ለመቅዳት ስንወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከንፈሬም ዳነ።

የምንሄደው ሮሽፖርት ወደምትባል፣ ሚዙሪ ወንዝ ዳር ወዳለች ትንሽ መንደር ነበር። በወንዙና በገደሉ መካከል የቀድሞ የባቡር መንገድ ያልፋል። ባቡሩ በ1986 ቆሟል፤ አሁን መስመሩ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። መንደሩ ጫፍ ላይ በ1893 የተፈለፈለ የድንጋይ ዋሻ አለ። ውስጡ ስትገቡ እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። ልጄ «ሰላም ነው!» ብሎ ጮኸና ዋሻው በአማርኛ መለሰለት።

የተቀበሉን አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ አባት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤታቸው ጀርባ ባለች የእንጨት መጋዘን ውስጥ ደጋን ይሠራሉ። ግድግዳው ላይ የተደገፉት ግንድ ፍላጮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኦሴጅ ኦሬንጅ የሚባለው ቢጫ እንጨት ነው፤ የኦሴጅ ሕዝብ ደጋኑን ይሠራበት ስለነበር ፈረንሳዮች «የደጋን እንጨት» ብለው ሰይመውታል። ሁለተኛው ሂኮሪ ነው፤ አሜሪካኖች ሥጋ የሚያጥኑበት። ለጀማሪ የሰጡት ሂኮሪውን ነው፤ ምክንያቱም ሲለጠጥ በቀላሉ አይበጠስም። ችግሩ ግን በሌላ በኩል ነው። ደጋን ሲሳብ ወደ ቀስተኛው የዞረው ጎን፣ «ሆዱ»፣ ይጨመቃል፤ ወደ ውጭ ያለው ጎን፣ «ጀርባው»፣ ይለጠጣል። ሂኮሪ ጀርባው ጠንካራ ነው፤ ሆዱ ግን መጨመቁን አይወድም። ጎብጦ ይቀርና ጉልበቱን ያጣል። እርጥበት ሲበዛበት ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ ሆዱን በእሳት ያጠነክሩታል። ደጋኑን ሆዱን ወደ ላይ አድርገው በተጠረበ ወፍራም እንጨት ላይ በማያያዣ ብረት አጥብቀው ያስራሉ። ከዚያ ሙቅ አየር በሚተፋ መሣሪያ ስንዝር በስንዝር፣ ሳይቸኩሉ ያሞቁታል። ጀርባው እሳት እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ። እንጨቱ መጀመሪያ ላብ ያለው ይመስላል፤ ከዚያ ወርቃማ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ቡና የቆላ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ይገባዋል። አዛውንቱ ለልጄ በቃል ሊያስረዱት ሲቸገሩ እኔ ምጣድ ላይ ያለ ቡና አስታወስኩት፤ ወዲያው ገባው።

አባቴ ትዝ አሉኝ። የወይራ ዱላ ሲያበጁ ልጡን ልጠው በእሳት ላይ ያመላልሱት ነበር፤ ሲሞቅ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያቀኑትና ቅቤ ቀብተው ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል። «አሁን ስጠኝ» የሚል ወንድሜ ነበር፤ እሱም ለሳምንታት ቀና ብሎ ዱላውን እያየ ይኖር ነበር። ለምን እንደሚሰቀል ግን ጠይቄ አላውቅም።

አምና የሆነው ይህ ነው። ቅዳሜ ማታ እንጨቱ ሞቆ ወጣ። አዛውንቱ፣ «አሁን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ» አሉ። እኔ ሰኞ ማለዳ ሥራ ነበረብኝ፤ ልጁ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወረውር እንዴት ይመለሳል አልኩ። ፎቶም ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። «ትንሽ ብቻ ይሳበው» ብዬ ለመንኳቸው። እንግዳን እምቢ ማለት ከበዳቸው። እሁድ ጠዋት ልጄ ጅማቱን ወጠረ፣ ግማሽ ድረስ ሳበ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። የላይኛው ክንፍ ከእጀታው በላይ ተቆርጦ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ምክንያቱን ዘንድሮ ነው በደንብ የተረዳሁት። እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላም ከአየሩ ጋር ውሃ ሲለዋወጥ ይኖራል። የክፍሉ አየር እርጥበት 50 በመቶ ከሆነ፣ እዚያ የከረመ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። አየሩ 30 በመቶ ሲሆን ውሃው ወደ 6 ይወርዳል፤ 65 ሲሆን ወደ 12 ይወጣል። እሳቱ ያንን ውሃ ያባርረዋል። ጀርባው እንኳ፣ ባይጠቁርም፣ ይደርቃል። የደረቀ እንጨት ደግሞ ጠንካራ መስሎ ይታያል እንጂ መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ከአየሩ ላይ ውሃውን እስኪመልስ ይጠበቃል። ውሃ ማፍሰስ አይሆንም፤ ላዩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ ይሆናል። ቀስ ብሎ ራሱ መጠጣት አለበት።

«መድረሱ በምን ይታወቃል?» ብሎ ልጄ ጠየቀ። አዛውንቱ ሳይመልሱ የወጥ ቤት ሚዛን አመጡ።

ዓርብ ጠዋት፣ ከእሳቱ በፊት፣ ደጋኑ 540 ግራም ነበር። ሲሞቅ ዋለ፤ እንደታሰረ አደረ። ቅዳሜ ጠዋት 521። አሥራ ዘጠኝ ግራም ውሃ፤ አንድ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። ልጄ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈ። እሁድ 524። «በየቀኑ መዝነው፤ መጨመሩን ሲያቆም ያን ጊዜ ከአየሩ ጋር ታርቋል» አሉት። እኔን ደግሞ አየት አደረጉኝ። ምንም አልተናገርኩም።

መመለሻው አስቸጋሪ ነበር። በሐምሌ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ለዚህ እንጨት ሁለተኛ እሳት ነው። ስለዚህ ልጄ ደጋኑን መኪና ውስጥ ትቶ አልወርድም አለ። በነጠላዬ ጠቀለለውና ካንሳስ ውስጥ ሄይስ በምትባል ከተማ ምግብ ቤት ይዞት ገባ። አስተናጋጇ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ያረፈ እንጨት ነው» አላት። እሷም አራት ሰው እንደመጣ ሁሉ አንድ ወንበር ጨመረችልን። በዚህኛው ጉዞ ካንሳስን ስናቋርጥ ወሬው አላለቀም።

ቤት ስንደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ሳሎናችን ውስጥ ያለው አየር 30 በመቶ ብቻ ነው። እዚያ ብንሰቅለው መጠጣቱን ቶሎ ያቆማል። ልጄ ከአዛውንቱ ጋር በስልክ ተማክሮ መታጠቢያ ቤቱን መረጠ፤ ሰው በታጠበ ቁጥር አየሩ ይረጥባል፤ መለኪያው በአማካይ ወደ 45 ያሳይ ነበር። ውሃ እንዳይረጨው ከበሩ ጀርባ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ታናሽ እህቱ ለሁለት ሳምንት «ከዱላው ጋር አልታጠብም» እያለች አመሸች። እኔም በርበሬ የምመዝንበትን ሚዛን በየማታው ማስረከብ ነበረብኝ።

ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ 526፣ 527፣ 529፣ 529፣ 530። ከዚያ 531። በማግስቱም 531።

«ለምን ወደ 540 አልተመለሰም? ተበላሽቷል?» ብሎ ደነገጠ። አዛውንቱ እንዳስረዱት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አውሮራ ሚዙሪ አይደለችም፤ እንጨት በሚኖርበት አገር አየር ልክ ይጠጣል። ሁለተኛ፣ በእሳት የጠቆረ እንጨት እንደ ቀድሞው ውሃ አይወድም፤ ሙቀቱ ተፈጥሮውን ስለለወጠው በዚያው አየር ውስጥ እንኳ ከበፊቱ ያነሰ ይይዛል። ለሂኮሪ ይህ ጥቅም ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበና፣ «እማ፣ አንቺም እዚህ ስትመጪ እንደዚያ ሆነሻል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ለአራተኛ ጊዜ 531 ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዛውንቱ በቪዲዮ ስልክ ላይ ነበሩ፤ እህቱ ስልኩን ይዛለች። ልጄ ጅማቱን አላላ አድርጎ አሰረና ደጋኑን ጎንበስ ብሎ ትንሽ ብቻ፣ አንድ ስንዝር ያህል ሳበው። ለቀቀው። ደግሞ ሳበው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ያንን ድምፅ እጠብቅ ነበር። የሚሰማው ግን የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል እንዲሁ ካለማመደው በኋላ ሁለቱ ክንፎች እኩል መጉበጣቸውን ከግድግዳው መስመር ጋር አስተያየ፤ አዛውንቱም «ደግ ነው» አሉ።

ከዚያ ጅማቱን ፈታው።

«ፍላጻውስ? የመለማመጃው ሜዳ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው» አልኩት። የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ነበር።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ» አለና ደጋኑን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይዞት ገባ።