ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ሳምንት ሥዕልና የንባብ ካርድ አጥታችሁ ባዶ እጃችሁን ክፍል የገባችሁ ጓደኞቼ ሁሉ፣ ጥፋቱ የመብራት ሳይሆን የእኔ መሆኑን ለመናገር ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ ያለችው አሮጌ ኮምፒዩተር የሁላችንም ግምጃ ቤት ናት። የትምህርት ዕቅዱም፣ ሥዕሉም፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሠልጣኞች ያዘጋጁትም ሁሉ በእሷ ውስጥ ነው። ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሏት፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። የምትሠራበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ፣ አሠራሩም ለማንም ክፍት የሆነ፣ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነው። ከዚህ ወገን ስሙ የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፍሪናስ ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ ትሩናስ ይባላል።

የእኛን መጀመሪያ ስጭን ሁለት ጊዜ አልነሣ አለኝ። ለካ ያወረድኩት ፋይል በደካማው ኔትዎርክ ምክንያት ጎድሎ ኖሯል። የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር ሠሪዎቹ ካወጡት ጋር ማስተያየት እንደሚገባ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለሰባት ወር ያህል እንከን ሳይገኝባት ሠራች።

እኔ ግን አላርፍ አልኩ። አዲስ ቤታ ወጣ ሲባል ሰማሁ። ቤታ ማለት ሠሪዎቹ ገና ጨርሰነዋል ያላሉት፣ «ሞክሩና ጉድለቱን ንገሩን» ብለው የሚሰጡት ነው። ማንንም ሳላማክር አንድ ማታ ጫንኩት። ተነሣ። ደስ አለኝ። ቀጥሎም ዲስኮቹ የተደራጁበትን ፑል ወደ አዲሱ ዓይነት እንዳሻሽል የሚጋብዝ መልእክት መጣ። ሳላነብ እሺ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሌሎቹ ኮምፒዩተሮች የጋራውን ፎልደር መክፈት አልተቻለም። «ምን ችግር አለ፣ ወደ ድሮው እመለሳለሁ» አልኩ። እውነትም የድሮው ፕሮግራም አልጠፋም ነበርና ተነሣ፤ ዲስኮቹን ግን አላውቃቸውም አለ። ዜድ ኤፍ ኤስ የሚባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት ፑሉ አንዴ ከተሻሻለ ወደኋላ አይመልስም። የድሮውን ፊደል ብቻ የቆጠረ ሰው አዲስ ፊደል የተጨመረበትን ደብዳቤ ማንበብ እንደማይችለው ማለት ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም! ሁለት ዲስክ አለኝ ብዬ መኩራቴም ከንቱ ነበር፤ በአንዱ ላይ የተደረገው በግልባጩም ላይ ተደርጓልና።

በማግስቱ ልምምዱ ሊጀመር ነው። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ «መብራት ሲሄድ ተበላሸ» አልኩ። ማን ይጠራጠራል? አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን እየቆረጠች ፊደል ስትጽፍ አደረች። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ «አይዞህ፣ መብራት ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» አለችኝ። ያ ማጽናኛ ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ።

በቀጥታ ወደ መምህራችን ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ታዲያ ይቅርታውን የሚጠይቀው መብራቱ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ። ቀጥለውም «በል፣ መጀመሪያ ዕቃው ይዳን» ብለው አብረውኝ ተቀመጡ። ወደ ቤታው ተመለስን። ፎልደሩ አልከፈት ቢልም ፋይሎቹ ደህና ነበሩ። በኤስ ኤስ ኤች በኩል እየገባን ሁለት ሌሊት ሙሉ ወደ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ቀዳናቸው። ከዚያ ፑሉን አፍርሰን፣ በድሮው ፕሮግራም እንደ አዲስ ሠርተን መለስናቸው። አንድም ፋይል አልጠፋም። የጠፋው የእናንተ ሳምንት ነው።

ወደኋላ መመለስ የሚያሳፍር አይደለም። ሠሪዎቹም ተመልሰዋል፤ ፍሪናስ 10 ኮራል በማርች 2017 እ.ኤ.አ. ያለቀለት ነው ተብሎ ወጥቶ፣ በሚቀጥለው ወር ራሳቸው አንሥተውት ተጠቃሚዎች ወደ 9.10 እንዲመለሱ መክረዋል። የሚያሳፍረው መመለሻ መንገድ መኖሩን ሳያዩ የብዙ ሰው ንብረት ተሸክሞ መሄድ ነው።

እኛ ልጆች ፊት ከመቆማችን በፊት በማይክሮ ቲቺንግ እርስ በርሳችን እንለማመዳለን። ስንሳሳት የሚስቁብን ጓደኞቻችን ናቸው፤ የሚጎዳ ልጅ የለም። ቤታም ቦታው እዚያ ነው። አሁን አንድ የተጣለ ኮምፒዩተር ጠግኜ ለሙከራ አድርጌዋለሁ፤ አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ እዚያ ይፈተናል። የዋናዋ ቅጂም በየሳምንቱ ዓርብ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በመምህራችን ቁም ሣጥን ይቆለፋል።

ይቅርታ አድርጉልኝ። ካርቶን ስትቆርጥ ላደረችው ጓደኛዬ በአካል ነግሬያታለሁ። ለቀሪዎቻችሁ ይኸው በግድግዳ።

ከአንድ ሠልጣኝ