የአራቱ ክሮች ዋጋ

ቤዝ ጊታር የሚባለውን መሣሪያ ሕዝባችን በስሙ ሳይሆን በእግሩ ያውቀዋል። ሠርግ ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ክራሩን ክራር፣ ማሲንቆውን ማሲንቆ ብሎ ይለያል፤ ሳክስፎኑን «ጥሩንባው» ብሎ ያልፈዋል፤ ቤዙን ግን ከነመኖሩም ልብ አይለው። ይሁንና ተቀምጦ ሳለ እግሩ መሬቱን የሚመታው ያንኑ ያላወቀውን ድምፅ እየተከተለ ነው። እኔም ይህን የተረዳሁት ድምፁ በነበረበት ጊዜ ሳይሆን በጠፋበት ምሽት ነበር።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ባቋቋምናት አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበር። «እጫወት ነበር» ማለቴ በድፍረት ነው። ጊታር የሚያውቁት ሦስቱ ልጆች ጊታሩን ስለተሻሙበት፣ ማንም ያልፈለገው ቤዝ ለእኔ ተረፈኝ። ቤዙ የተውሶ ነበር፤ አምፕሊፋየሩን ግን ከኪሳችን አዋጥተን በ1,800 ብር ከመርካቶ ገዛነው። ከአሜሪካ የመጣ መሆኑን ሻጩ ደጋግሞ ነገረን። በእርግጥም ከአሜሪካ የመጣ ነበር፤ እዚያው ላይ ነው ነገሩ።

በዓመቱ መዝጊያ ምሽት ሁለተኛው ዘፈን እንደ ተጀመረ፣ ጭክችካው ሞቆ አዳራሹ በእስክስታ ሲናወጥ፣ ከኋላዬ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ። ቀጥሎም ቤዙ ዝም አለ። ከበሮው አልቆመም፤ ሳክስፎኑም አልቆመም፤ ዘፋኙ እንዲያውም ምንም አልሰማም። ነገር ግን የተጨዋቹ ሕዝብ ትከሻ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዳንዱም ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ለምን እንደ ተቀመጠ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ዘመን ተውኔት መጻፍ ስጀምር ያ ምሽት ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኝ ነበር። ተመልካቹ ስሙን የማያውቀው፣ ፊቱንም የማያየው ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ጎድሎ መድረኩ እንዴት እንደሚፈርስ በዓይኔ አይቻለሁና።

የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ይህም በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ በብረት ሰሌዳ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ሻጩ አልነገረንም፤ እኛም አላነበብንም። እኛ የሰካነው ዕለት ፊውዙ ተቃጥሎ ጉዳቱ እዚያው መቆም ነበረበት። ነገር ግን ከእኛ በፊት የያዘው ሰው ፊውዝ ሲያጣ በምትኩ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበት ኖሯል፤ ስለዚህ የሚቆርጠው ሲጠፋ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ትራንስፎርመሩ ገብቶ አነደደው። የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ሰውዬው ባለ መነጽር፣ ጥቂት ተናጋሪ ነበር። የተቃጠለውን ጥቅልል ፈትቶ፣ ዙሩን በወረቀት ላይ እየቆጠረ፣ ለ220 እንዲስማማ በእጁ እንደገና ጠመጠመውና 350 ብር ተቀበለን። ስንወጣም፣ «ዕቃ ስትገዙ ፊቱን አትዩ፤ ጀርባውን እዩ» አለን። ምክሩን በሚገባ ያዝኩት። ምነው ባልያዝኩት የምልበት ቀን ግን መጥቷል።

ለመሆኑ ቤዝ ስለ ምን ይህን ያህል ጉልበት ይፈልጋል? የመሣሪያው ወፍራም ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ድምፅ በአየር ላይ ሲጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ማለትም ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል። ያንን የሚያህል አየር ለመግፋት ሰፊ ስፒከርና ብርቱ አምፕሊፋየር ያሻል፤ ጆሯችንም በተፈጥሮው ወፍራም ድምፅን እንደ ቀጭኑ አጥርቶ አይሰማም። ስለዚህ ጊታር ተጫዋቹ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት የሚሄደውን ሣጥን ቤዝ ተጫዋቹ ወዛደር ይዞ ይሸከመዋል። አባቶቻችን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት እንደ ነበር ሳስብ እደነቃለሁ። በበገናው በእያንዳንዱ ክርና በብርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ ያስገባሉ፤ እንዝራ ይሉታል። ክሩ ሲርገበገብ እንዝራውን እየነካ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጣል፤ ወፍራሙም ድምፅ ያለ ኤሌክትሪክ ይሰማል። አሥር ክር፣ አንድም ፊውዝ የለውም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የራሴ ቤዝ ይኑረኝ የሚል ምኞት አደረብኝ። ቤዝ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ካዛንቺስ እንዳሉ ሰማሁና ሄድኩ። ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በደርግ ዘመን በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ተጫዋች ነበሩ። የዚያን ዘመን ሙዚቃ የሚወድ ሰው በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወተውን የጆቫኒ ሪኮን ስም ያውቃል፤ የጋሼን ስም ግን የትኛውም ካሴት ላይ አያገኘውም። እሳቸው ለምሽቱ እንጂ ለሸክላውና ለካሴቱ አልተጫወቱም። በሰዓት እላፊው ምክንያት በሩ ሲዘጋ እንግዳው እስኪነጋ አይወጣም ነበርና፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት እንደ ነበር አጫወቱኝ። ክር በሀገር ውስጥ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበረ፣ አሮጌው ክር በላብና በእድፍ ደንዝዞ ድምፁ ሲሞት ፈትተው የሆቴሉ ወጥ ቤት ወስደው በውኃ ይቀቅሉታል። እድፉ ሲለቅ ለጥቂት ቀናት እንደ አዲስ ይጮኻል። «ወጥ ቤቷ፣ ‹ዛሬስ የምን ሥጋ ነው?› እያለች ትስቅብኝ ነበር» አሉኝ።

ከአልጋ ሥር ሣጥኑን ስበው ሲከፍቱት ፌንደር ፕሪሲዥን መሆኑን ከአናቱ ላይ አነበብኩ። ይህ ዓይነት ቤዝ ሊዮ ፌንደር የተባለው የካሊፎርንያ ሰው በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ከዚያ በፊት ቤዝ ተጫዋች የሰው ቁመት የሚያህለውን ኮንትራባስ አቅፎ ነበር የሚቆመው። ጋሼ ይህንን ከአሥመራው የቃኘው ጦር ሰፈር ከአንድ አሜሪካዊ ወታደር በ1964 ዓ.ም. በ400 ብር መግዛታቸውን ነገሩኝ። ነጋዴዎች ይህን የመሰለ ታሪክ ለማንኛውም ዕቃ ስለሚፈጥሩ አላመንኳቸውም። ታዲያ የጠጋኙ ምክር ትዝ አለኝና፣ «አንገቱ ጠማማ እንዳይሆን ልየው» ብዬ መፍቻ ጠየቅኩ። ከጀርባው አራቱን ብሎኖች ፈትቼ አንገቱን ከገላው ስለየው፣ ከአንገቱ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የተሠራበት ቀን ማኅተም ነበር፤ 1971 ይላል። ሰውዬው እውነታቸውን ነው።

ማኅተሙን ጋሼ አላዩትም። እኔም አላሳየኋቸውም። አንገቱን መልሼ አሰርኩት።

የጠየቁኝ 5,000 ብር ነበር። የሚሸጡትም የመጀመሪያ ልጃቸው ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ለመሄድ የደላላና የጉዞ ወጪ ስላነሳት እንደ ሆነ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ልጅቱ ቡና እያፈላች እዚያው ተቀምጣ ነበር። እኔ ደግሞ ጃኩ ዝጓል፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ይንኮሻኮሻል፣ ክሩም ያረጀ ነው እያልኩ ነቀፌታ ደረደርኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። በ3,500 ተስማማን። ጋሼ ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ለልጃቸው ሰጡና፣ ሣጥኑን እስከ ታክሲ ተሸክመውልኝ መጡ። ዛሬ ያ ግቢ ፈርሷል፤ ሣጥኑን ያወረዱበትን ደጃፍ ግን አሁንም በሐሳቤ አየዋለሁ።

ሦስት ዓመት ተጫወትኩበት። መጀመሪያ ያደረግኩት አሮጌውን ክር አውልቄ አዲስ መግጠም ነበር። አሮጌውን ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መልካም ቤዝ ነበር። እጅግም አልችልበትም ነበር፤ መልካምነቱን ለማወቅ ግን መቻል አያስፈልግም።

በ2000 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ በዓል ሲከበር በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በብዛት ወደ ሀገር ቤት መጡ። ከእነርሱ መካከል አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስብ አንድ የዋሽንግተን ነዋሪ በወዳጅ በኩል አገኘኝ። እሱ መፍቻውን ከኪሱ ይዞ ነበር የመጣው። አንገቱን ፈትቶ ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ አልተለወጠም፤ ይህ የገዢ ፊት ነውና በሚገባ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ጋሼ አልነበርኩም፤ ዋጋውን አስቀድሜ አጣርቼ ነበር። 24,000 ብር ቆጥሮ ሰጠኝ።

በዚያ ገንዘብ የመጀመሪያ የግጥም መድበሌን አሳተምኩ። መታሰቢያነቱንም «ስማቸው ላልተጻፈ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሁሉ» አደረግኩት። ይህን ስጽፍ ከቶ አንዳች ነገር አልተሰማኝም። ቃላቱ እንዲያውም ያማሩ መስለውኝ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የምሠራበት ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። አላወቅኳትም። «ቡና ያፈላሁልዎ ነኝ» ስትለኝ ነው ያስታወስኳት። ከቤይሩት ተመልሳለች። ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ 7,000 ብር ነው፣ የአባቴን ጊታር በእጥፍ ይሽጡልኝ አለች። አባቷ ከዚያ ወዲህ ሌላ መሣሪያ አልነኩም። ቅር አላቸው ማለት አይቻልም፤ አንድ ቀንም ስለ ጊታሩ አንስተው አያውቁም። እሷ ግን ሳትጠይቅ ሄዳበታለችና ሳትጠየቅ ልትመልሰው ፈለገች። «ተሰርቋል» አልኳት። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል፤ ገና ፖስታውን ስታወጣ ነበር ያዘጋጀሁት።

«አይ፣ እርስዎም አዘኑ» አለችና ፖስታዋን አንስታ ሄደች።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያው ከረምኩ። ከዚያ ከፒያሳ አንድ ኢንዶኔዥያ የተሠራ ያማሃ ቤዝ በ9,000 ብር ገዝቼ፣ ያንኑ በእጅ የተጠመጠመ አምፕሊፋየር ከወንድሜ ቤት አስመጥቼ፣ ካዛንቺስ ሄድኩ። ጋሼ እጅግ አርጅተዋል፤ ጣቶቻቸው ግን አልተጣመሙም። ቤዙን አገላበጡ፣ አንዷን ክር መቱና፣ «ይህ የእኔ አይደለም፤ ግን ደህና ነው» አሉ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ዋሽንግተኑ ሰው፣ «ተሰርቋል» ስላልኩት፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

«ስንት ሸጥከው?» አሉኝ።

«ሃያ አራት ሺህ።»

ልጅቱ በጣቶቿ እንደ መቁጠር አለችና፣ «የሁለት ዓመት ደመወዜ ነው» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም አልቀነሰም። ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ይቆጡ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቁጣቸውንም ፈልጌው ነበር፤ ሰው ሲቆጣው ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋልና። እሳቸው ግን የያማሃውን አንገት በመዳፋቸው እየለኩ፣ «ክሩንስ? የእኔን ክር አብረህ ሸጥከው?» አሉኝ።

«የለም፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።»

«ርዝመቱ አንድ ነው፤ ይገጥማል። ሂድና አምጣው።»

ሄጄ አመጣሁት። ክሩ ጠቁሮ፣ ተጠቅልሎ በኖረበት ቅርፅ ደርቆ ነበር። ጋሼ አራቱንም አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱና ለልጃቸው አሳልፈው ሰጡ። ድስት ጥዳ፣ ውኃው እስኪፈላ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ክሩን ስትጨምረው እድፉ ወዲያው ውኃውን አጠቆረው። ጋሼ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ጨው እንዳትጨምሪ!» አሏት። አልሳቀችም። እኔ አምፕሊፋየሩን ከመሰካቴ በፊት ጀርባውን አዙሬ አነበብኩ።