ለጊዜው

ጋራዥ ውስጥ ከሚሰሙ ቃላት ሁሉ ብዙ የሚያስከፍለው «ለጊዜው» ይመስለኛል። ለጊዜው አስሬዋለሁ፣ ለጊዜው ዘግቼዋለሁ፣ ለጊዜው በዚህ ንዳው። መካኒኩ ይህን ሲል እየዋሸ አይደለም። ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ ግን ማንም አይጽፈውም። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንብኝም፤ ለአንድ ሳምንት ተብሎ የተጻፈ ኮድ ሦስት ዓመት ሲያገለግል አይቻለሁ። ኮድ ግን ቁልቁለት አይወርድም።

የአባቴ ኮሮላ ቁልቁለት ትወርዳለች። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ በላይ ነው። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል፤ እንጨትና ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ከኋላህ ሲመጡ መስታወቱን ደጋግመህ ነው የምታየው። ኮሮላዋ በፈረንጅ 1992 የተሠራች ናት። አባቴ ጡረተኛ መምህር ነው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ገበያ፣ አልፎ አልፎ ለቅሶ ይሄድባታል። እናቴም ጉልበቷን ስለሚያማት ያለ እሷ የትም አትሄድም።

«ለምን አትሸጧትም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሸጠን ምን እንግዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ባለበት ቀረ፤ ዕቃው ብቻ ተወደደ። ጡረታው ግን ያው ጡረታ ነው።

እንግዲህ ቦሎ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩን ያየሁት። አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ ምርመራውን አልፈህ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስህን ይዘህ ስትቀርብ ያቺ ወረቀት መስታወትህ ላይ ትለጠፋለች። እኛ ሠፈር ለዚህ ቀን የሚደረገው ዝግጅት ለሠርግ ከሚደረገው አያንስም። እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት ይዋሳሉ። ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ይዋሳሉ። ጎማ የሚዋዋሱም አሉ፤ ጠዋት ይገጠማል፣ ከሰዓት ለባለቤቱ ይመለሳል። በእኛ ሙያ ፈተናውን ብቻ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ፕሮግራም እንደማለት ነው። ምርመራው የሚያውቀው የዚያን ዕለት መኪና ነው፤ የማግስቱን አያውቅም።

ዝናብ ነበር። ሽሮ ሜዳ ገበያው አጠገብ አንዲት ሴትዮ ድንገት ስትገባብኝ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ ቆመች፣ ግን ቂጧ ወደ ጎን ሸሸ። ቀጥ ብላ አልቆመችም። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ዘይቱ አልጎደለም፣ የእጅ ፍሬኑም ይይዛል። ቤት እንደደረስኩ በክሪክ የኋላዋን አነሳሁና አባቴን መሪ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ፍሬን ያዝ።»

«ይዣለሁ።»

የግራውን እግር ብታገለው አልንቀሳቀስ አለ። የቀኙን በአንድ እጄ ገፋ ሳደርገው እንደ ብስክሌት ጎማ ዞረ።

«በደንብ ረግጠኸዋል?»

ዝም አለ። ከመኪናው ወረደና ኮፍያውን አስተካከለ። «ዘግቶታል» አለ። «እኔ ነኝ ዝጋው ያልኩት። ለጊዜው ብዬ።»

ስምንት ወር ሆኖታል። የቀኝ ኋላ እግሩ የፍሬን ቺሊንደር ዘይት ያፈስ ነበር። ቺሊንደሩ ይቀየር ሲባል ዋጋውን ሰማና፣ መካኒኩ ወደዚያ እግር የሚሄደውን ቱቦ በብሎን ደፈነለት። ይህ በየጋራዡ የሚሠራ ጥበብ ነው፤ ዘይት አይፈስም፣ ፔዳሉ ጠንካራ ይሆናል፣ መኪናው ይቆማል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ በሽቦ ስለሚሳብ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ብትፈትነው ደህና ነኝ ይልሃል። ሲቆም አብዛኛውን ክብደት የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ስለሆኑ በቀስታ ስትነዳ ምንም አይታወቅህም። የሚታወቅህ መንገዱ ረጥቦ አጥብቀህ ስትረግጥ ነው፤ ያን ጊዜ ከኋላ አንዱ እግር ይይዛል፣ ሌላው ይሸሻል፣ መኪናው መሽከርከር ያምረዋል።

በዚህ ላይ አባቴ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ ይወርደዋል። ማርሽ ውስጥ ቢሆን ሞተሩ ይይዝለት ነበር፤ በፎሌ ሲሆን ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው። ከፍታውም አለ፤ ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፣ በእኛ ከፍታ ደግሞ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳር አገር ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። አሰብና ሞምባሳ ላይ የሚበቃ እግር ሽሮ ሜዳ ላይ የበለጠ መርገጥ አለበት። ይህን ሁሉ ለአባቴ በወረቀት ሥዬ ላስረዳው ፈልጌ ተውኩት። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው፤ ያልገባው ነገር አልነበረም፣ የጎደለው ገንዘብ ነበር። ልጁን ጠይቆ ማግኘት ይችል እንደነበርም ያውቃል። እኔ ያለኝን የኔታ ሆኖ ያሳደገኝ ሰው፣ ለፍሬን ቺሊንደር እጁን ሊዘረጋልኝ አልፈለገም። ስለዚህ እናቴን አጠገቡ አስቀምጦ በሦስት ፍሬን ይወርድ ነበር።

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል፤ እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል፣ ከተመረቅኩ ወዲህ ሲያሾፍብኝ «ኢንጂነር» ይለኛል። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት።

«ኢንጂነር፣ ስማኝ» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እኔ የምጠግነው መኪና ብቻ አይደለም። የሰውንም ኪስ ነው። አባትህን በወሩ ተመለስ ብዬዋለሁ። አልመጣም። ሄጄ በሩን ላንኳኳ?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም በደንብ የለኝም። ቱቦውን መድፈኑ ትክክል አይደለም፣ በዚህ አልከራከርም። ግን እሱ ባይደፍንለት ኖሮ አባቴ ዘይቱን እየጨመረ ይነዳት ነበር። ያ ደግሞ ይብሳል።

ዕቃውን ልገዛ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። እዚያ አንድ ዕቃ ሦስት ዋጋ አለው፤ ኦርጅናል፣ ታይዋንና የተፈታ። ለበር እጀታ፣ ለመስታወት፣ ለፍሬቻ የተፈታ ገዝተህ በሰላም ትኖራለህ። ፍሬን ላይ ግን አይሞከርም፤ ቺሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ስንት ዓመት እንደቆየ ከውጭ አይታይም። ለኦርጅናሉ 6,000 ብር፣ ለታይዋኑ 2,800 ጠሩልኝ። ተከራክሬ ሁለት ታይዋን ወሰድኩ፤ ለቀኙም ለግራውም። አንዱን ብቻ መቀየር ርካሽ ይመስላል እንጂ ግራና ቀኙ እኩል ካልያዘ የነበርክበት ነህ።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ያልተከፈተ መሆን አለበት። ጋራዥ ጥግ ክዳኑ ላልቶ የቆመ ጠርሙስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ እስከ 140 ይፈቅዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። እግርህ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ለዚህ የሚያስቆጭ አይደለም።

እንዲያው ዕቃውን ይዤ ስወጣ አንድ ጉዳይ አስጨራሽ ደወለልኝ፤ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘ እንጃ። ቦሎውን በ3,000 ብር ይጨርስልኛል። መኪናዋ መሄድም የለባትም፣ «አንተ ብቻ ሊብሬውን ላክልኝ»። በእጄ የያዝኩትን ካርቶን አየሁ፤ ከአንዱ ቺሊንደር በ200 ብር ብቻ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚጠየቀው ይህንኑ ምርጫ ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ መስታወት ላይ ይታያል፣ ቺሊንደሩ ግን አይታይም።

ጋሼ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ብሎኑን ከቱቦው አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እንደ ወለቀ ጥርስ። የእጁን ዋጋ ቀንሶ ጠየቀኝ፤ ለምን እንደቀነሰ አልጠየቅኩትም። አየሩን ስናወጣ ፔዳሉን የሚረግጠው አባቴ ነበር። «ያዝ» «ልቀቅ» እየተባለ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ፤ ደስ ብሎታል።

ገንዘቡን እንዴት እንደምሰጥ ግን ጭንቅ ነበር። በመጨረሻ መኪናዋን ለሥራ እንደምፈልጋት ነገርኩት፤ በሳምንት ሁለት ቀን እወስዳታለሁ፣ ስለዚህ ጥገናውን እንካፈላለን። እውነትም እወስዳታለሁ። «ግማሹን?» አለ። «ግማሹን።» ተስማማን። ደብተርም ገዛሁ፤ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጣል። ለጊዜው የተሠራ ነገር ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ጽሑፍ የእሱ ነው፤ በመምህር እጅ ጽሕፈት፣ በቀይ እስክሪብቶ፦ «የራዲያተር ጎማ፣ በሽቦ ታስሯል፣ እስከ ሰኔ 30»።

የምርመራው ቀን መርማሪው እሳት ማጥፊያው ላይ ብዙ ቆየ። ቀጥሎ ኋላዋን ፍሬን የሚለካው ተሽከርካሪ ብረት ላይ አወጣት። ግራና ቀኙ ተቀራራቢ ነው፣ አለፈች። የፊት ጎማዎቿንም በዓይኑ አይቶ አለፋቸው፤ ጥርሳቸው ገና ነው። ጎን ላይ ያለችውን አራት ቁጥር ግን አላነበባትም። 1416 ትላለች፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2016 ዓመት 14ኛ ሳምንት ማለት ነው። በእኛ 2008 መሆኑ ነው። ጎኑን በጥፍር ስትጭረው ስንጥቅ ስንጥቅ ይላል።

ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። አባቴ ከሥሩ «ለመስከረም፣ ግማሽ በግማሽ» ብሎበታል።