ያልለበሰው ወንዝ

ሥዕል በሸራ ላይ ተወስኖ በግድግዳ በተሰቀለ ጊዜ ከገዢውና ከተመልካቹ በቀር ጠያቂ የለውም። ሸራው ከግድግዳ ወርዶ ሸለቆ ለመጋረድ፣ ደሴት ለመክበብ ወይም ወንዝ ለማልበስ በወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሠዓሊው የሚቆመው በሐያሲ ፊት ብቻ አይደለም፤ በከብት አርቢው፣ በዓሣ አጥማጁ፣ በአውራጃው ሹም፣ በዳኛውና በዱር አራዊት ጠባቂው ፊት ጭምር ነው። ሥራው ስንት ቀን ይቆማል? ምን ይሰብራል፣ ምንስ ያስበረግጋል? መሬቱ የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከውበት ጥያቄ ቀድመው ይመጣሉ። በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ የአርካንሳስን ወንዝ በጨርቅ ለመጋረድ ታስቦ ሃያ ዓመት ያህል ያከራከረው ዕቅድ እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ አስነስቶ አንዱንም በወጉ ሳይመልስ ቀርቷልና ታሪኩ ሊነገር ይገባል።

ክሪስቶ ቭላዲሚሮቭ ጃቫቼፍ በ1935 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቡልጋሪያ፣ በጋብሮቮ ከተማ ተወለደ። የትዳርና የሥራ ጓደኛው ዣን-ክሎድ በዚያው ዓመትና በዚያው ዕለት በካዛብላንካ ተወልዳለች። ክሪስቶ በሶፊያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሳለ፣ ተማሪዎች የኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ወደሚያልፍባቸው እርሻዎች እየተላኩ፣ የምዕራብ አገር መንገደኞች በመስኮት የሚያዩት ገጠር የሠመረ እንዲመስል የድርቆሹን ክምርና የእርሻ መሣሪያውን አሳምረው እንዲያሰናዱ ይታዘዙ እንደነበር ራሱ ይናገር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደጅ መጥረግ በየአገሩ ያለ ልማድ ነው። ይህ ወጣት ግን ከዚያ ሥራ ሁለት ነገር ይዞ የወጣ ይመስላል፤ ሜዳና ኮረብታ እንደ መድረክ ሊሰናዳ እንደሚችል፣ በትእዛዝ የሚሰናዳ መድረክ ደግሞ እንደሚያንገሸግሽ። በ1957 ከፕራግ በጭነት ባቡር ወደ ቪየና ኮበለለ። ከዚያም በፓሪስ ዣን-ክሎድን አገኘ። የበርሊን ግንብ በቆመ በዓመቱ፣ በ1962፣ በፓሪስ ያለችውን ጠባቧን የቪስኮንቲ መንገድ በ89 የነዳጅ በርሜሎች ያለ ፈቃድ ዘጓት። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ከሞላ ጎደል በፈቃድ ሆነ፤ ፈቃድ መጠየቁ ራሱ የሥራው ግማሽ ሆነ ቢባልም ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር በ1976 በካሊፎርኒያ የተዘረጋው «ሯጩ አጥር» ነው። ቁመቱ 5.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 39.4 ኪሎ ሜትር የሆነ ነጭ የናይለን ጨርቅ በብረት ቋሚዎች ላይ ተወጥሮ፣ በሶኖማና በማሪን አውራጃዎች ኮረብታዎች ላይ እየተጠማዘዘ ወርዶ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ገባ። የቆመው ለ14 ቀን ብቻ ነበር። ለእነዚያ 14 ቀናት 59 የከብት አርቢ ቤተሰቦችን ደጅ መጥናት፣ 18 የሕዝብ ስብሰባ መቀመጥ፣ ሦስት ጊዜ በፍርድ ቤት መከራከርና 450 ገጽ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ማስጠናት አስፈልጓል። የሚደንቀው ሰልፉ እንዴት እንደተሰለፈ ነው። ከተቃዋሚዎቹ መካከል የአካባቢው ሠዓሊያን ነበሩበት፤ ከደጋፊዎቹ መካከል ደግሞ የሥዕል አዳራሽ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ አርቢዎች። ማይዝልስ ወንድማማቾች ስለዚህ ሥራ በሠሩት ፊልም ውስጥ አንዲት የአርቢ ሚስት በስብሰባ መካከል ተነሥታ ትናገራለች። አንዳንድ ቀን ተጨንቃ ተጠብባ የምትሠራው ምግብ ለእርሷ ጥበብ መሆኑን፣ ተበልቶ ማለቁም ጥበብነቱን እንደማይሽረው ታስረዳለች። ስለ ጊዜያዊ ሥነ ጥበብ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ከዚህች ሴት ክርክር የሚበልጥ ክርክር በውስጣቸው መገኘቱ ግን ያጠራጥራል።

ይሁንና ጥያቄው በዚህ አይዘጋም። ወደ ባሕሩ የሚገባው የአጥሩ ጫፍ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኮሚሽን ፈቃድ ሳይኖረው ነው የተዘረጋው። የሕዝብ ስብሰባን እንደ ጥበቡ አካል የሚያከብር ሠዓሊ የስብሰባው ውጤት ሳይጥመው ሲቀር ምን ያደርጋል? በዚያ ጊዜ ክሪስቶ መልሱን በሥራ አሳይቷል፤ መልሱም የሚያስመሰግነው አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1983 በማያሚ አጠገብ 11 ደሴቶች በሮዝ ጨርቅ ሲከበቡ የባሕር እንስሳትና የአዕዋፍ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ፤ ሠራተኞቹ ግን ከደሴቶቹ ዳርቻ 40 ቶን ያህል ቆሻሻ አንሥተዋል። በ1991 በጃፓንና በካሊፎርኒያ ከተተከሉት 3,100 ግዙፍ ጃንጥላዎች አንዱ በነፋስ ተነቅሎ አንዲት ተመልካች ገደለ፤ ጃንጥላዎቹ ሲነቀሉም በጃፓን አንድ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሞተ። «ሥራው ጊዜያዊ ነው፣ ምንም አይተውም» ለሚል ክርክር ይህ ከባድ መልስ ነው። በበርሊን የራይኽስታግን ሕንፃ በጨርቅ ለመጠቅለል ከ1971 ጀምሮ ሃያ አራት ዓመት ተጠየቀ፤ ቻንስለር ኮል ቢቃወሙም በ1994 የጀርመን ምክር ቤት በ292 ድምፅ ለ223 ፈቀደ። የኒው ዮርክ ከተማ የሴንትራል ፓርክን «በሮች» በ1981 ከለከለች፤ በ2005 ግን 7,503 በሮች ቆሙ። በመካከሉ አንድ ነገር ተለውጧል፤ የበሮቹ ቋሚዎች በብረት መሠረት ላይ እንዲያርፉ ተደርጎ የፓርኩ አፈር ሳይቆፈር ቀረ። ተቃውሞ ሥራን ሊያሻሽል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

አሁን ወደ አርካንሳስ እንመለስ። ሐሳቡ የተፀነሰው በ1985 በፓሪስ፣ የፖን-ኔፍ ድልድይ በሚጠቀለልበት ጊዜ ነው። ጨርቁ ከሴን ወንዝ በላይ ሲነሣ ብርሃኑ በውሃው ላይ ሲጫወት ባልና ሚስቱ አዩ። ከ1992 እስከ 1994 በሮኪ ተራሮች 89 ወንዞችን ተመለከቱ፤ በመጨረሻ በሳላይዳና በካኞን ሲቲ መካከል ያለውን የአርካንሳስ ሸለቆ መረጡ። በ68 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ በስምንት ቦታ፣ በድምሩ 9.5 ኪሎ ሜትር የሚሆን ብርማ ጨርቅ ከውሃው በላይ በብረት ገመድ ይወጠራል፤ ከላይ፣ ከአውራ ጎዳናው፣ የሚያይ መንገደኛ የሚያብረቀርቅ ማዕበል፣ ከታች በጀልባ የሚቀዝፍ ደግሞ ሰማይና ደመና በስሱ የሚታዩበት ጣሪያ ያገኛል። ይህም የሚቆየው ሁለት ሳምንት ነው።

በወረቀት ላይ ንድፉ ያማረ ነበር። ለሁለት ሳምንት ውበት የሚከፈለው ግን ሲቆጠር ሌላ መልክ ይይዛል። ገመዱን የሚይዙ ከ9,000 በላይ መልሕቆች በሁለቱ ዳርቻዎች መሬቱን በስቶ መትከል ያስፈልጋል፤ ሥራውም ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። ሸለቆው ጠባብ፣ አውራ ጎዳናው አንድ ብቻ ነው፤ አምቡላንስም፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስም፣ የድርቆሽ መኪናም የሚያልፉት በዚያው ነው። በገደሉ ላይ የሚኖሩት ባለ ጥምዝ ቀንድ የተራራ በጎች የኮሎራዶ ግዛት መለያ እንስሳ ናቸው፤ ውሃ ለመጠጣት ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ሁካታ ካባረራቸው ተመልሰው ለመምጣታቸው ዋስትና የለም። የግዛቱ የዱር አራዊት ኮሚሽንም ዕቅዱን ተቃውሟል።

የሸለቆው ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ስሙን «ቡትቶ በአርካንሳስ ወንዝ ላይ» አሉት። የስሙ የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ግሳት» የሚለውን ቃል ይሰጣሉ። ለአንዱ ብርማ ማዕበል የሆነው ለሌላው ቡትቶ ነው። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ለድልድይና ለማዕድን ሥራ እንደሚያደርገው ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት አደረገ፤ ለሥነ ጥበብ ሥራ ይህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። በኅዳር 2011፣ ለበጎቹ ጥበቃ የሚሆኑ ብዙ ግዴታዎች አክሎ ፈቀደ። ማኅበሩ ከዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ጠበቃ አግኝቶ ከሰሰ፤ በ2015 ተረታ፤ ይግባኝ አለ። ዣን-ክሎድ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ2009፣ ዐርፋለች።

ክሪስቶ ለተቃዋሚዎቹ አንድ የታወቀ መልስ ነበረው፤ ሰዎች ገና ስላልተሠራ ነገር ማሰባቸው፣ መጣላታቸውና መፍራታቸው ሁሉ የሥራው ክፍል ነው ይል ነበር። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን አብጠርጥሮ ማየት ያስፈልጋል። ሠዓሊው በፈቃዱ ሃያ ዓመት ይጠብቃል። በወንዙ ዳር ቤት የሠራው ጡረተኛ ግን በማያውቀው ሰው ሕልም ውስጥ በግድ ሃያ ዓመት ይኖራል። የእርሱን ጭንቀት «የሥራው ቀለም ነው» ማለት ጭንቀቱን ከማዳመጥ ይልቅ መጠቀም ነው። የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ክሪስቶ ድጎማ አይቀበልም፣ መግቢያ አያስከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ንድፎቹንና ኮላዦቹን በመሸጥ ነው። ይህ ከደጋፊ ኩባንያ ትእዛዝ ነፃ ያደርገዋል፤ ንድፎቹን ከሚገዙት ባለጸጎች ገበያ ግን አያላቅቀውም። ክርክሩ በረዘመ ቁጥር ንድፉም ይበዛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። በጥር 2017፣ ይግባኙ ገና ውሳኔ ሳያገኝ፣ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካወጣበት በኋላ፣ ክሪስቶ ዕቅዱን መተዉን አስታወቀ። ምክንያቱ በጎቹ ወይም አውራ ጎዳናው አልነበረም። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነውና፣ ዶናልድ ትራምፕ በያኔው ወር ሥልጣን የያዙበትን መንግሥት «ባለመሬት» አድርጎ፣ እንዲህ ያለውን ባለመሬት የሚጠቅም ሥራ አልሠራም አለ። ባለመሬትና ጭሰኛ የሚሉት ቃላት ምን እንደሚመዝኑ ለሚያውቅ አንባቢ አነጋገሩ ክብደት አለው፤ ከትእዛዝ አገር የሸሸ ሰው በሰማንያ ሁለተኛው ዓመቱ ዋዜማ የሕይወቱን ትልቅ ሥራ ጥሎ እምቢ ሲል ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሕዝብ መሬት የፕሬዚዳንት ርስት ነውን? የፈቀደው ቢሮ በ2011 የነበረው ያው ቢሮ ነው፤ በጎቹም ያው በጎች። የተረታው ማኅበር ያለ ፍርድ አሸነፈ፤ ያሸነፈውም ባልተከራከረበት ምክንያት ነው። የይግባኙ ዳኞች ቢናገሩ ኖሮ ቀጣዩ ሠዓሊና ቀጣዩ ሸለቆ የሚደገፉበት ቃል ባገኙ ነበር። እምቢታው ለክሪስቶ ሕሊና ክብር ነው፤ ለሸለቆው ግን ዕዳውን ሳይከፍል የሄደ እንግዳ ያህል ነው።

ክሪስቶ በግንቦት 2020 በኒው ዮርክ ሞተ። በፓሪስ የድል ቅስቱን ለመጠቅለል የያዘው ዕቅድ አስቀድሞ ከጸደይ ወደ መከር ተላልፎ ነበር፤ በቅስቱ ላይ ጎጆ የሠሩ ትናንሽ ጭልፊቶች ጫጩቶቻቸውን እስኪያሳድጉ ተጠበቀላቸው። ቀጥሎም በወረርሽኙ ሳቢያ ተላለፈ፤ ቅስቱም በመስከረም 2021 ሠዓሊው በሌለበት ለ16 ቀናት ብርማ ሰማያዊ ለበሰ። በአርካንሳስ ሸለቆ ጀልባዎቹ ዛሬም በግልጥ ሰማይ ሥር ይወርዳሉ። ጨርቁ በእርሳስ በተሳሉት ንድፎች ላይ ብቻ ከወንዙ በላይ ተወጥሮ ይታያል፤ በገደሉ ላይ አንድም በግ አልተሳለም።