ኮምፒውተሩ ጭብጨባውን ይከተል

ሐረር ሰርግ ላይ አጨበጭባለሁ፤ ቶሮንቶ ሰርግ ላይ ደግሞ ላፕቶፕ ጀርባ እቆማለሁ። ሁለቱን የሚለያቸው የመሣሪያ ብዛት አይደለም፤ ምቱን የሚያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

በሸዋ በር፣ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ በሚሉት በኩል፣ በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎል ገብታችሁ ሰርግ ካለበት ቤት ብትዘልቁ ምቱ የቤቱ ሰው ነው። የአፎቻ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ፣ ሴቶች ያዜማሉ፤ ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፤ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይጋጫሉ። ሰው ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲደክመው ይረግባል። ኪቦርድ ሲገባም ነገሩ ብዙ አይለወጥም። ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ኮርድ ይዞ፣ መሣሪያው ውስጥ ያለውን ሪትም ለቆ፣ ዓይኑን ከሰዉ ላይ አያነሳም። ሙሽራው ሲገባ ቴምፖውን በአንድ ጣት ከፍ ያደርጋል። ማሽን ቢሆንም ታዛዥ ነው።

እዚህ ቶሮንቶ ግን ከበሮ መቺው የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ ባሲስቱ ሌላ ከተማ ይኖራል። ስለዚህ ሙዚቃው ቀድሞ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ይሠራል። የብቸኝነቱ መላ አዲስ አይደለም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህደው አልበም የቀዱት ያለ ባንድ ነበር።

ኮምፒውተርና ኪቦርድ የሚግባቡት በሚዲ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአንድ አሜሪካዊና የአንድ ጃፓናዊ ኩባንያ ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያይዘው ለሕዝብ ታይተዋል። በገመዱ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው፦ የትኛው ቁልፍ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ። መካከለኛው ዶ 60 ነው፤ የምቱ ኃይል እስከ 127 ይደርሳል። የከረቡን ምት ሁሉ በ100 ብትጽፉት ሞቶ ይወለዳል። አንዱን 92፣ ሌላውን 108 አድርጋችሁ፣ ጥቂቱንም ከመስመሩ ቀደም ወይም ዘግየት ስታደርጉት ነፍስ ይዘራል። ይህን ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይማረዋል።

የማይማረው ቴምፖው ነው። በደቂቃ በ112 ምት የተጻፈ ዘፈን አዳራሹ ቢነድም በ112 ይቀጥላል። ሙሽሮቹ በር ላይ ፎቶ ሲነሱ የመግቢያው ትራክ ያልቃል፤ አጃቢው ገና እየሞቀ ጸጥታ ይወድቅበታል። አክስቶቻችን ለማጨብጨብ ይሞክሩና ከስፒከሩ ጋር ሲጋጭባቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ። እኔን የሚከነክነኝ ይኼ ነው፤ አገር ቤት ሙዚቀኛ የነበረው እንግዳ እዚህ ተመልካች ሆነ።

ጥፋቱ ግን የኮምፒውተሩ አይደለም፤ ያዘዝነውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ የምናዘውን እንለውጥ። አንደኛ፣ ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አትጻፉት፤ በአራትና በስምንት ሜዠር ቆራርጡት፣ እያንዳንዱ ዙር የእግር ፔዳል እስኪረገጥ ይደጋገም። ሙሽሮቹ ሃያ ፎቶ ቢነሱም ሙዚቃው ይጠብቃቸዋል። ሁለተኛ፣ ጭብጨባንና ከበሮን በኮምፒውተር አትሥሩ፤ ለእንግዶቹ ተዉት። ሦስተኛ፣ ማይክሮፎን ከበሮው አጠገብ አድርጉ። አብልተን ላይቭ የተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ከ11ኛው እትሙ ጀምሮ የሚገባለትን ምት ሰምቶ ቴምፖውን ማስተካከል ይችላል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ምት 24 የሰዓት ምልክት በሚዲ ስለሚልክ፣ የተያያዙት ኪቦርዶችና ሪትም ማሽኖች አብረው ይፈጥናሉ፣ አብረው ይረግባሉ። ከበሮው አልፎ አልፎ ዝም ሲል ሊሳሳት ይችላልና አንድ ጣት ቴምፖው ላይ ይቆይ፤ ልክ እንደ ሐረሩ ኪቦርዲስት።

ይህን የምጽፈው በውጭ ለምንኖረው ለእኛ ብቻ አይደለም። ሐረርም ላይ ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ዘፋኝ እያየሁ ነው፤ የእኛን ድካም እንደ ሥልጣኔ እንዳይወርሱት እሰጋለሁ። አገር ቤት ላለ ወጣት ላፕቶፕ የምትልኩ ሁሉ፣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ፔዳልና አንድ ማይክሮፎን ጨምሩበት። ዋጋቸው ከላፕቶፑ ያንሳል፤ ምቱን በቤቱ ሰው እጅ የሚያቆዩት ግን እነሱ ናቸው።